የአባባ ሆ የቤተሰብ ስም

ልጅ ሳለሁ ቅጽ እሞላ ነበር። በኦስሎ ዳር፣ በሃውገንስቱዋ በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ፣ ከኮሙኑ፣ ማለትም ከከተማው አስተዳደር የመጣ ደብዳቤ በእኛ ቤት መጀመሪያ የሚከፈተው በእኔ እጅ ነበር። እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ፣ አባቴ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ ሁለቱም ኖርዌጅኛ ይናገራሉ፣ የቢሮ ኖርዌጅኛ ግን ለእነሱ ሌላ ቋንቋ ነበር። የቤታችንን ሳዳርስ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ተሻገርኩ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ «ሳሮንዬ፣ እስቲ ይቺን ወረቀት እይልኝ» የምትል አክስት አትጠፋም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመዋዕለ ሕፃናቱን፣ የቤት ድጎማውን ቅጽ ዓይኔን ጨፍኜ እሞላለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ እኮራበትም ነበር።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የቤተሰብ ስም የሚጠይቀው ቦታ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። እኔ ሳሮን ነኝ፤ በቀለ አባቴ ነው፤ ዳባ አያቴ ነው። ትምህርት ቤት «ዳባ» ብለው ሲጠሩኝ ዞር ብዬ አያቴን የማይ ይመስለኝ ነበር። ከቢሮ ጸሐፊዎች ጋር መከራከሩ ጥቅም እንደሌለው ካየሁ በኋላ ያኔ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ከሦስቱ ስም የመጨረሻውን እዚያ ቦታ ላይ ጻፊ፣ ቀጥይ። ደንቡ ለማውቃቸው ሐበሾች ሁሉ ሠርቷል። ለዓለም ሕዝብ ሁሉ የሚሠራ መሰለኝ።

አባባ ሆ ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ ኮሪያዊ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው በኖርዌይ መርከቦች ላይ ሠርተው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ኦስሎ የቀሩ ሰው ናቸው። አላገቡም። «አባባ» ያለቻቸው እናቴ ናት፤ ሽማግሌን በስሙ ብቻ መጥራት ከአፏ አይወጣላትም። እሳቸውም ትርጉሙን ጠይቀው ሲረዱ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። እኔን «ቬስላ» ይሉኝ ነበር፤ ትንሿ ማለት ነው። እናቴ የማታ ፈረቃ ሲደርሳት፣ ራቴን በልቼ ወደ እሳቸው እወጣለሁ።

ያኔ በበረዶው ወራት ከትምህርት ቤት ሳንመለስ ይጨልም ስለነበር፣ አባባ ሆ የመስኮቱን ትንሽ መብራት አብርተው፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሻማ ለኩሰው፣ የተቆላ ገብስ ያፈሉበትን ውሃ በብርጭቆ ቀድተውልኝ ይጠብቁኝ ነበር። እናቴ ሽታው ደረጃው ላይ ሲደርሳት «ሰውዬው ደግሞ ቆሎ ቆሉ» ትላለች። የደረቀ ዓሣ በምድጃው ላይ ሲጠብሱ ጭሱ ጣሪያውን ስለሚሞላ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ የገላ መታጠቢያ ቆብ ያለብሱት ነበር፤ አንዴ ረስተውት ሕንፃው በሙሉ በካልሲ ውጭ ወጥቷል። ኖርዌጅኛቸው የመርከብ ኖርዌጅኛ ነበር፣ ስድብ ይበዛበታል። በተረታቸው ውስጥ ንጉሡ ሳይቀር እንደ መርከበኛ ይሳደብ ነበር።

አብዝተው የሚነግሩኝ የቤታቸውን፣ ማለትም የዘራቸውን ተረት ነው። በጥንት ጊዜ የስድስት መንደር ሽማግሎች ንጉሥ አጥተው ኮረብታ ላይ ሲመካከሩ፣ ከተራራው ሥር ካለ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ብርሃን ሲወርድ ያያሉ። ወርደው ሲጠጉ ነጭ ፈረስ ተንበርክኮ አገኙ። ፈረሱ ሰዎቹን ሲያይ አሽካክቶ ወደ ሰማይ ወጣ፣ በቦታው አንድ ትልቅ እንቁላል ቀረ። እንቁላሉ ቅል ያህላል፤ ሲሰብሩት ወንድ ልጅ ወጣ፤ ቢያጥቡት አካሉ አበራ። በአገሩ ቋንቋ ቅል «ፓክ» ስለሚባል ልጁ ስሙን ከዚያ አገኘ፤ ፓክ የሚባሉ ሰዎች ሁሉ የመጡት ከእሱ ነው።

«አባባ፣ ከእንቁላል የወጣ ሰው እምብርት አለው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ዓሣውን ማገላበጥ አቁመው አዩኝ። «በዓለም ላይ ያሉ ፓኮች ሁሉ ይህን ሳይጠይቁ ሞቱ» አሉ።

«ኪሞችስ? ክፍላችን ውስጥ ኪም የምትባል ልጅ አለች።»

«ኪሞች ከወርቅ ሣጥን ወጣን ይላሉ። ሣጥኑ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ነጭ ዶሮ ሲጮኽ። ኪሞች ሲያወሩ ወርቅ ካልገባበት አይሆንላቸውም።»

ተረቱን ሲጨርሱ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ነበር፦ «ስለዚህ ቬስላ፣ እኛ ጋ ቤቱ ይቀድማል፣ ሰውየው ከኋላ ይመጣል።» እኔ ይህን እንደ ተረቱ መዝጊያ ነበር የምቆጥረው። ከፈረሱና ከእንቁላሉ ጋር አንድ ላይ አስቀመጥኩት።

በወረቀት ግን አባባ ሆ ፓክ አልነበሩም። ሙሉ ስማቸው ፓክ ሳንግ ሆ ነው። ወጣት ሆነው መርከብ ላይ ሲቀጠሩ የመዘገባቸው ሰው ሦስቱን ቃል በተርታ ጽፎ የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም አደረገው። በክፋት አልነበረም፤ የእሱ ሰዎች ስም እንደዚያ ስለሚሄድ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ወረቀት ሁሉ የመጀመሪያውን ገለበጠ። ገና በቀረበ ቁጥር እሳቸው ከአሳንሰሩ ሲወጡ የሕንፃው ልጆች «ሆ! ሆ! ሆ!» እያሉ እንደ ገና አባት ይጮኹባቸው ነበር፤ እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ያጅቧቸዋል።

አሥራ ሁለት ዓመቴን በያዝኩበት መኸር አንድ ምሽት ስወጣ ጠረጴዛው ላይ ዓሣ አልነበረም። የወንድማቸው ልጅ ከሴኡል የላከው ደብዳቤና አንድ ባዶ የኖርዌይ የስም ማስለወጫ ቅጽ ነበር። የፓክ ቤት የትውልድ መጽሐፍ አለው፤ ከመጀመሪያው አባት ጀምሮ ማን ማንን እንደወለደ የተጻፈበት። በአንድ ትውልድ አንዴ ብቻ እንደ አዲስ ይታተማል፣ በዚያ ዓመት ጊዜው ደርሶ ነበር። የሚያሳትሙት ሽማግሎች፣ ድሮ በውሸት መጽሐፉ ውስጥ የተጻፉ ሌሎች ሰዎች ስለነበሩ፣ ውጭ አገር የሚኖር ሰው ካለበት አገር መንግሥት ፓክ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት እንዲያመጣ ይጠይቃሉ። የአባባ ሆ ወንድም ሞተዋል። «እኔ ነኝ» ብለው ቢናገሩ የሚያውቃቸው ሽማግሌ አልቀረም።

«የአባቴ ስም እዚያ ውስጥ አለ» አሉ። «ከሥሩ የወንድሜ። ከወንድሜ ጎን ባዶ ቦታ አለ። መጽሐፉን የሚዘጉት በጸደይ ነው። ስሜን መልሺልኝ፣ ቬስላ።»

ያን ምሽትና የሚቀጥለውን በአጻጻፉ ላይ ተነጋገርን። የድሮው የመርከብ ደብተራቸው «ፓክ»ን በላቲን ፊደል በፒ ጀምሮ በኬ ይጨርሳል። የወንድማቸው ልጅ መሃሉ ላይ አር ያስገባበታል፤ አሜሪካኖች እንዲያነቡት ተብሎ የተጀመረ ነው አሉ። የኮሪያ መንግሥት አዲሱ ደንብ ደግሞ በቢ ይጽፈዋል። ሦስቱም አንድ ስም ነው፣ በራሳቸው ፊደል አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው።

«በመርከቡ አጻጻፍ ካደረጉት ልጆቹ ይስቁብዎታል» አልኩ። ለጆሮ «ፓክ» በኖርዌጅኛ ወመኔ ማለት ነው።

«ይሳቁ። አሁንስ የገና አባት አይደለሁ?»

የመርከቡን መረጡ። ቅጹን ቤት ወስጄ እንድሞላው ሰጡኝ፤ የአባታቸውን ስም ብቻ ጠየቅኳቸው። «ፓክ ቾንግ ሱ» አሉኝ። አባትም ልጅም ፓክ መባላቸው ትንሽ ገርሞኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ግን አልጠየቅኩም። በራሳችን ጠረጴዛ ተቀምጬ «የአባት የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ፣ ለአክስቶቼ ሁሉ እንዳደረግኩት፣ የመጨረሻውን ቃል ጻፍኩ፦ ሱ። «የማመልከቻው ምክንያት» የሚለው ስድስት መስመር ነበረው። ሁለት ምሽት የነገሩኝን አንድ ዓረፍተ ነገር አደረግኩት፣ ተረት ማስረጃ አይሆንም ብዬ። ሲፈርሙ መነጽራቸውን አላደረጉም። «አንቺ ካየሽው በቂ ነው» አሉ።

መልሱ በረዶው ሳይቀልጥ መጣ። አባባ ሆ ፖስታውን ሳይከፍቱ ጠብቀውኝ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። የጠየቁት ስም የወላጃቸው ስም መሆኑ አልታየም፤ በራሳቸው ማመልከቻ መሠረት የአባታቸው የቤተሰብ ስም ሱ ነው፤ በውሳኔው የማይስማሙ ከሆነ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ሁሉም ነገር ገባኝ። ቤቱ ይቀድማል የሚሉት ስለ ፈረሱ አልነበረም፤ የቤተሰቡ ስም መጀመሪያ ይጻፋል ማለታቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያስፈልገኝን መረጃ በየምሽቱ ሲነግሩኝ ነበር፣ እኔ ተረት እሰማ ነበር።

«ምን ይላል?»

«አልተፈቀደም ይላል።»

«ለምን?»

«ሕጉ ነው» አልኩ። «ሕጉ አይፈቅድም።»

«ከታችስ ብዙ ተጽፏል። ሌላ ነገር የለም?»

«ናይ» አልኩ። በኖርዌጅኛ የለም ማለት አጭር ነው፣ ከአፍ ቶሎ ይወጣል።

ወረቀቱን ተቀብለው አራት ቦታ አጠፉት። ፊቴን አይተው ለእሳቸው ያዘንኩ መስሏቸው መሆን አለበት፣ ብርቱካን ልጠው ሰጡኝና ከዚያ በፊት ያልነገሩኝን አዲስ ተረት ጀመሩልኝ፤ ስለ ቁራ ወይም ስለ ቆንጆ ወፍ ነበር። አልሰማሁትም። ከነገሩኝ ሁሉ የጠፋብኝ ተረት እሱ ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት ሃያ አንድ ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ከእሳቸው ጋር ስንት ምሽት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፣ ብዙ ነው። በየምሽቱ እናገራለሁ እያልኩ እወጣለሁ። ብናገር የሚቆጡኝ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ያኔም አውቅ ነበር። የፈራሁት ቁጣ አልነበረም። በሕንፃው ውስጥ ቅጽ የማትሳሳት ልጅ እኔ ነበርኩ፣ ያንን ማጣት አልፈለግኩም። ሃያ ሁለተኛው ቀን ሲመጣ ቀለል አለኝ፤ ከሁሉም የማፍርበት ይህ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አባባ ሆ እናቴ ወደምትሠራበት መጦሪያ ገቡ። እናቴ ማታ ስትመለስ «አባባ ሆ ዛሬም ጠየቁሽ፤ እባክሽ ሄደሽ እያቸው» ትለኝ ነበር። ሄድኩ። ስለ ትምህርት ቤት አወራን። ኮሪደሩ ላይ ምግብ የሚታደልበት ጋሪ ሲመጣ ተነሥቼ ወጣሁ። በቀጣዩ ወር ሞቱ፤ መቃብራቸው ላይ ያለው ስም ሆ ነው።

ዛሬ ጋዜጠኛ ነኝ፣ እዚሁ ኦስሎ፣ ቫይትቬት እኖራለሁ። የሥራዬ ትልቁ ክፍል ሰነድ መጠየቅ ነው። የሰው ስም ስንሳሳት በማግስቱ እናርማለን፤ ስለ እርማት ለአዳዲሶቹ ባልደረቦች የማስተምረው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ውሳኔውን ከሰጠው ቢሮ መዝገብ ቤት የዚያን ማመልከቻ ቅጂ አስወጣሁ። የእኔ የልጅነት እጅ ጽሑፍ ነው፣ ንጹሕና የተስተካከለ፤ አንድ ስርዝ ድልዝ የለበትም። የውሳኔው ጸሐፊ ምንም አላጠፋም። በቀረበለት ማስረጃ መሠረት ትክክለኛ ውሳኔ ሰጥቷል።

የፓክ ቤት ማኅበር ቢሮ አለው። የወንድማቸውን ልጅ በእሱ በኩል ለማግኘት የፈጀብኝ ሁለት ቀን ነው። እነዚያን ሁለት ቀናት በሃያ ዓመት ውስጥ አላገኘኋቸውም ነበር። የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት፤ የሞቱበትን ቀን፣ የኖሩበትን ቤት፣ የሠሩባቸውን መርከቦች፣ ቅጹን፣ «ናይ» ያልኩትን። በትሕትና መለሰልኝ። አጎቱ የት እንዳሉ እሱ ያውቅ ነበር፣ ሽማግሎቹ ግን ወረቀት ላላመጣ ሰው ስሙንና መጥፋቱን ብቻ ነው የሚጽፉት። ወረቀቱ ሳይመጣ ሲቀር አጎቱም አፍረው ነው መሰል ደብዳቤ መመለስ አቆሙ። የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንሥቶ አያይዞልኛል። ከወንድማቸው ስም ሥር ልጆችና የልጅ ልጆች እንደ መሰላል ወርደዋል። ከጎኑ በሦስት ፊደል የአባባ ሆ ስም ብቻ አለ፣ ከሥሩ አጭር መስመር። የመስመሩን ትርጉም ጽፎልኛል፦ ወደ ባሕር ሄደ፣ ወሬው አልተሰማም።

የላክሁለትን ማስረጃ ለሚቀጥለው እትም በፋይል አስቀምጫለሁ ብሏል። የሚቀጥለው እትም እስኪደርስ ገና ብዙ ዓመት አለ፤ እሱ እስከዚያ በሕይወት መኖሩን እንጃ። ተረቶቹን ግን ከዚያች ከአንዷ በቀር ሁሉንም አስታውሳለሁ፣ ፈረሱን፣ ጉድጓዱን፣ የወርቅ ሣጥኑን፣ ንጉሡ የተሳደበውን ስድብ ሳይቀር። እያንዳንዱን ቃል ይዤአለሁ፣ የሚያስፈልገው ግን አንድ ወረቀት ነበር። አባባ ሆ ኦስሎ ውስጥ፣ እኔ የማውቀው መቃብር ውስጥ ናቸው፤ ሄጄ ድንጋዩን ነክቼዋለሁ። በቤታቸው መጽሐፍ ግን እስካሁን ባሕር ላይ ናቸው።