የኪቦርዱ ምትና የእህቴ ድምፅ

ከዚያ ቀን ወዲህ ስቱዲዮ የሚባል ነገር ዓይኑን ማየት አልፈልግም። አዳማ፣ ከአንድ ብሎኬት ማምረቻ ጀርባ፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነበረች። ታላቅ እህቴን ይዤ የሄድኩት እዚያ ነው። እህቴ ሁሩታ እህል ትነግዳለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ትዘምር ነበር። አንገቷ ላይ ያበጠው እንቅርት በዚያው ሳምንት በኦፕሬሽን ሊወጣ ተቀጥሯል። ሐኪሙ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏታል። ስለዚህ ራሷ የደረሰችውን አንድ መዝሙር፣ ድምፅ እያላት፣ ቀድታ ማስቀረት ፈለገች። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

ባለስቱዲዮው በዕድሜ ከእሷ በብዙ የሚያንስ፣ ራሱን የሚወድ ሰው ነው። የመዝሙሩን ባስ ጊታር ቀደም ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሠርቶታል፤ ከበሮው ግን ከሙዚቃ ኪቦርዱ ነው የሚመጣው። ሁለቱን በገመድ አገናኝቷቸዋል። ኪቦርዱ ምቱን ይልካል፣ የኮምፒውተሩ መቅጃ ሶፍትዌር ምት የሚቆጥርበትን የራሱን ሰዓት ትቶ እሱን ይከተላል። ይህን ሲያስረዳን ገመዱን ራሱ የፈለሰፈው ነበር የሚመስለው።

ገና ማይኩን ስንሞክር መብራት ጠፋ። ሲመጣ ሁሉንም እንደገና አስነሳና ሥራ ጀመርን። ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል ተብሎ ቬንትሌተሩ ጠፍቷል፤ የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እህቴ በሄድፎኗ የኪቦርዱን ከበሮ እየሰማች ትዘምራለች፤ እሱ በራሱ ሄድፎን የእሷን ድምፅ ከኮምፒውተሩ ባስ ጋር ያዳምጣል። መዝሙሩ ወደ አጋማሹ ሲደርስ አስቆማትና ከምት ወጥተሻል አላት። ደገመችው፤ እዚያው ቦታ ላይ አስቆማት። ኮምፒውተሩን ይሞላብኛል እያለ የዘመረችውን ሁሉ ወዲያው ያጠፋዋል።

«የኳየር ሰዎች ችግራችሁ ይሄ ነው» አለ። «በጭብጨባ ነው ያደጋችሁት፤ ጭብጨባ ደግሞ ይሮጣል።»

እውነት አለው። መንፈስ ሲነካን ጭብጨባችን ይፈጥናል፣ መዝሙሩም አብሮ ይሮጣል፤ እንዲህ ነው የኖርነው። ለዚህ ነው እሷም እኔም ያመንነው። ባስቆማት ቁጥር ይቅርታ ወንድሜ ትለዋለች፤ ውሃ ትጎነጭና ትቀጥላለች። ከሰዓት በኋላ ድምጿ ሻከረ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ። እሱ ሄድፎኑን አወለቀ።

«እህቴ፣ መዘመር ለሁሉም አይሰጥም» አላት፣ እንደ አዛኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘማሪዎቹን በጸሎት አግዢያቸው።»

እህቴ አመስግናው ወጣች።

ኦፕሬሽኑ ተሳካ ተባለ፤ ድምጿ ግን ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው የደወለልኝ። ሌላ ዘማሪም እዚያው መሐል ላይ ከምት ቢወጣበት ነው ማሽኑን የፈተሸው። ለካ ያን ቀን መብራቱ ጠፍቶ ሲመጣ ሶፍትዌሩ ወደ ራሱ ሰዓት ተመልሶ ኖሯል፤ ኪቦርዱን ተከተል ያለው ሰው የለም። ሁለቱ አብረው ይነሱና ቀስ በቀስ ይለያያሉ። እህቴ ከምትሰማው ከበሮ ጋር ልክ ነበረች፤ የራቀው እሱ የሚሰማው ባስ ነው። ይህን እየሳቀ ነው የነገረኝ። አምጣትና በነጻ ልቅዳት አለኝ። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ንዴቴን ተሸክሜ በማግስቱ ሁሩታ ሄድኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ አንቺ አንድም ቦታ አልሳትሽም አልኳት። የአንገቷን ፋሻ በእጇ ይዛ ሰማችኝ። ከዚያ ጠጋ በል ብላ ምልክት ሰጠችኝና ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«ድሮም ዘማሪ አልነበርኩም፣ ምንም አልቀረብኝም ብዬ ነበር የተጽናናሁት» አለችኝ። «እሱንም ወሰድክብኝ።»