ፈቃዱ አልቋል

ግንበኞቹ ስም አውጥተውላታል፤ ቱንቢ። ቱንቢ በገመድ የሚንጠለጠል፣ የግድግዳን መዝመም የሚያሳብቅ ብረት ነው። እሷም እንደዚያው ናት። የዘመመ ነገር አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ የሰው ኮሌታ ሳይቀር ታቃናለች። ስሙን ያወጡት ሊያሾፉባት ነበር። እሷ ግን ወደደችው፤ ኋላ ኋላ ሽማግሌው ፎርማን ራሱ ፊት ለፊት በዚሁ ስም ይጠራት ጀመር።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ ጡረታ እስኪወጡ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። የሰው መልእክት ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲያሻግሩ ኖረው አንድ አመል ተጣብቶባቸው ቀርቷል፤ ሱቅ እንኳ ሲልኳት «ምን አልኩሽ? ድገሚልኝ» ሳይሉ አያሰናብቷትም። ልጅቱ በዚህ አመል ስትማረር ነው ያደገችው። የመሐንዲስነት ፈቃዷን ቅጂ በመስታወት አስገብተው ሳሎን የሰቀሉትም እሳቸው ናቸው። እንግዳ መጥቶ ጮክ ብሎ ሳያነብላቸው ከዚያ ቤት አይወጣም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ይህን ፈቃድ ልታሳድስ በሄደችበት ቀን ነው። በዋዜማው ከሥራ ቦታ ስትወጣ ፎርማኑን ጠርታ፣ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ጉዳይ አለኝ። እኔ ፈቃድ ሳልሰጥ ሶሌታው እንዳይሞላ» አለችው። ሶሌታ የፎቁ ወለል ነው፤ የውስጥ ብረቱ፣ ፌሮው፣ ታስሯል፣ የቀረው ኮንክሪት ማፍሰስ ነው። ኮንትራክተሩ ደግሞ ዝናብ ሳይመጣብኝ ብሎ ቆሞ አያድርም። የሷ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። የሶሌታው አንድ ጫፍ ወደ ግቢው ወጣ ያለ ነው፤ እሱን የተሸከሙት የብረት ድጋፎች የቆሙት ለፍሳሽ ቱቦ ተቆፍሮ በተደፈነ ልል አፈር ላይ ነው። አፈሩ ይጠቅጠቅ፣ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ ብላ አዛለች። እርጥብ ኮንክሪት ቀልድ አያውቅም። ድጋፉ ከሰመጠ፣ ከላይ የቆመውን ሰው ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «ይሄ እኮ አልቋል፣ እህቴ» አለቻት።

ቱንቢ የቆጠረችው ፈቃዱን ከተረከበችበት ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚቆጥረው ከተፈረመበት ቀን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ይቀመጣል» አለች ሴትዮዋ፤ ክፉ ሰው አልነበረችም። «ገብተሽ ካስረዳሽ ያድሱልሻል። ስምሽ ሲጠራ ከሌለሽ ግን እስከ መጪው ዓመት አይሰበሰቡም። እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።»

ፈቃድ የሌለው መሐንዲስ አይፈርምም፤ የማይፈርም መሐንዲስ ደግሞ ለማን ይሆናል? ግን ቱንቢ ቱንቢ ናት፤ የማያገለግል ፊርማ ይዛ ዝም ማለት አልሆነላትም። ወዲያው ፎርማኑ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ፈቃዱ አልቋል። ለኮንትራክተሩ ይንገሩልኝ።»

«አልቋል? ይሁን፣ እነግረዋለሁ» አለ፤ ከኋላው መዶሻ ይጮሃል።

«እዚህ ስልክ ክልክል ነው» አለች የመስኮቷ ሴትዮ። ቱንቢም ዘጋችው።

ከኮሚቴው በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ቁጭ ብላ የምትለውን በሆዷ ስታጠና አረፈደች። «የቀን አቆጣጠር ስህተት ነው» ልበል ወይስ «ጥፋቱ የኔ ነው»? እያለች ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ ምሳ ሰዓት አልፎ ኮሚቴው ሥራ ጀመረ። ይኼኔ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የኮንክሪት ማምረቻው ሰው ነበር።

«ኢንጂነር፣ መኪኖቹ ወጥተዋል። በየትኛው በር ይግቡ?»

«የምን መኪና?»

«የሶሌታው ነዋ። ፎርማኑ ‹ፈቃዱ አልቋል፣ ላኩልን› ብሎን።»

አይ፣ ይሄ «አለቀ» የሚሉት ቃል። ዱቄቱ አለቀ ካልን የለም ማለት ነው፤ ጉዳዩ አለቀ ካልን ደግሞ ተሳካ ማለት ነው። እሷ የሙያ ፈቃዴ ጊዜው አለፈበት አለች፤ ሽማግሌው የጠበቀው ግን የመሙያውን ፈቃድ ነበርና ተፈቅዷል ብሎ ሰማ። ምን ይፈረድበታል? «ፈቃድ ሳልሰጥ» ያለችው ራሷ ናት። የማዞሪያ ሠራተኛ ልጅ ሆና «ምን አልኩ፣ ይድገሙልኝ» ማለት አቃታት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው።

ፎርማኑ ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ኮንትራክተሩ ጋ ደወለች፤ ተይዟል። ማምረቻው ጋ መልሳ ደወለች፤ የመጀመሪያው መኪና ግቢ ገብቷል አሏት።

የኮሚቴው በር ተከፈተና አንድ ሰውዬ ፈገግ እያለ ወጣ። አንዱ ልቧ «ጠቅጥቀውት ይሆናል፣ ተቀመጪ» አላት። ሌላው «ባይጠቀጥቁትስ?» አለ። ፈራች። ለፈቃዷ ፈራች፣ ለሰዎቹ ፈራች፣ ከሁሉ ይልቅ መቀመጥ ያማራትን ራሷን ፈራች። ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች።

«የት ነው? የሚቀጥለው ያንቺ ስም ነው» አለች የመስኮቷ ሴትዮ፣ አንገቷን አውጥታ።

«ሰው ላይ ሊወርድ ነው» አለች ቱንቢ፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ታክሲ ይዛ ትንሽ እንደሄደች መንገዱ ተዘጋ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬ መብላት ጀመረ። ወርዳ ሮጠች። በቢሮ ጫማ ነበረች፤ አንዱ ተረከዝ ተነቅሎ ሲቀር ሁለቱንም አውልቃ በእጇ ያዘች። መንገደኛው ሁሉ ሌባ የምታባርር መስሎት መንገድ ለቀቀላት።

ግቢው ውስጥ የፓምፑ ረጅም ክንድ ከፍ ብሏል። ኮንክሪቱ ከጥጉ ጀምሮ ወደ ወጣው ጫፍ እየመጣ ነው፤ ከላይ ሰዎቹ በቦቲ ጫማ እየረገጡ ያስተካክላሉ። ጮኸች። ከፓምፑ ጩኸት ማን ይሰማታል? ድጋፎቹ ጋ ሮጣ አጎንብሳ አየች። ጣውላ የተነጠፈው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እዚያው ልል አፈር ላይ ቆመዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ያስቁሙት» አለችው ኮንትራክተሩን። «አፈሩ አልተጠቀጠቀም።»

«ፈቃዱ አልቋል አላልሽም እንዴ?»

«ያለቀው የኔ የሙያ ፈቃድ ነው። ጊዜው አልፎበታል።»

ኮንትራክተሩ ሳቅ አለ። «እና አንቺ አሁን እንደ መንገደኛው ነሽ ማለት ነው። በምን ፈቃድ ነው የምታስቆሚኝ?»

እውነቱን ነው። ፊርማዋ ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም ነው እንጂ ከዚያ አያልፍም። ጫማዋን መሬት ላይ ጥላ፣ አጎንብሳ ከወጣው ጫፍ ሥር ገባች፤ በድጋፎቹ መሀል፣ ጣውላ በሌለበት ቦታ ሄዳ ቆመች።

«ለመቆም ፈቃድ አይጠየቅም» አለች። «ይሙሉት።»

ከጭንቅላቷ በላይ የሚያልፈው ኮቴ ይሰማታል፤ ባለፈ ቁጥር አጠገቧ ያለው ብረት እንደ መተንፈስ ይላል። ኮንትራክተሩ «ውጪ» አለ፣ ለመነ፣ ተሳደበ። እሷ ብረቱን ብቻ ታያለች።

ፎርማኑ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ በባዶ እግሯ የቆመችውን አየ። እጁን ዘረጋ፤ ፓምፑ ቆመ። ሽማግሌው ወርዶ አካፋ አነሳና ከድጋፉ እግር አጠገብ ጫን አለው። አካፋው እስከ እጀታው ሰመጠ። እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ቀረ።

«ሁላችሁም ውረዱ» አለ በመጨረሻ። «ቀስ ብላችሁ፣ በዚያኛው በኩል፣ አንድ በአንድ።»

አንድ በአንድ ወረዱ። ኮንትራክተሩም አካፋውን አየና የቀሩትን መኪኖች ራሱ ደውሎ መለሳቸው።

«አልቋል ስትዪኝ እኮ…» አለ ፎርማኑ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሳላስደግምዎት ነው የዘጋሁት።»

«ቱንቢ» አለና ጫማዋን አንስቶ አፈሩን አራገፈላት።

መሥሪያ ቤቱ ጋ ስትደውል ኮሚቴው ተነስቶ ነበር። ስሟ ተጠርቷል፤ አልተገኘችም ተብሎ ተጽፏል። ኮንትራክተሩ ደግሞ ለክፉ አይስጠው፣ ነገ ሌላ የሚፈርም መሐንዲስ እንደሚያመጣ ሳይሸፋፍን ነገራት። ሕጉ እሱን ይደግፈዋል፤ እሷም አልተከራከረችውም።

እናቷ ሳሎን፣ ከመስታወቱ ሥር ተቀምጠው ጠበቋት።

«እህስ፣ አለቀ ልጄ?»

አለቀ ብትላቸው እኮ ውሸት አልነበረም። ተመስገን ብለው እራት ያቀርቡ ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ግን ቱንቢ ናት።

«ጊዜው አልፎበታል፣ እማዬ። አልታደሰም። እስከ መጪው ዓመት መሐንዲስ አይደለሁም» አለች፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስልኩን፣ ሩጫውን፣ አካፋውን። እናቷ ሳያቋርጡ ሰሟት። ቀና ብለውም መስታወቱን አላዩም።

«ሰዎቹ ምን ሆኑ አልሽኝ?» አሉ ስትጨርስ።

«በእግራቸው ወረዱ።»

«ድገሚልኝ።»

«ሁሉም በእግራቸው ወረዱ፣ እማዬ» አለችና አለቀሰች።