መጥሪያ አድራሹ አባቴ እና መርፌው

ትናንት የእህቴ ልጅ የባዮሎጂ ደብተሯን ዘርግታ፣ «አክስቴ፣ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በምንድን ነው?» አለችኝ። መልሱን ልነግራት ስል አንድ የልደታ ክረምት ድቅን አለብኝ።

ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያነበብኩትን ሁሉ ለሰው ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባቴ የፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግሩ እየዞረ የሰው በር ሲያንኳኳ የኖረ። ስኳር በሽታ ይዞት ከሰውነት ተራ ሲወጣ ሐኪሙ ኢንሱሊን አዘዘለት። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። ታላቅ ወንድሙ የሞተው ይህንኑ የኢንሱሊን መርፌ በጀመረ በወሩ ስለነበር፣ የገደለው መርፌው ይመስለዋል። አባቴ ዓይኔ እያየ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ይወርዳል፤ ከጎረቤት የበቆሎ ጥብስ ይሸታል። ያ ሰዓት ዛሬም በሕልም ያየሁት ይመስለኛል።

«አባዬ፣ ደምህ ውስጥ ስኳር ሞልቷል። ሴሎችህ ግን በራቸውን ዘግተው ይራባሉ» አልኩት።

«ለምን አይከፍቱም?»

«መልእክተኛ ሲመጣ ነው የሚከፍቱት። መልእክተኛው ኢንሱሊን ነው። ከቆሽት ተነስቶ በደም ይሄዳል፤ ሴሉ በር ላይ እሱን ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ አለ። ያንተ ቆሽት ደክሞ መላክ አቅቶታል።»

«እናንተ አሳርራችሁት» አለና ሳቀ። ትንሽ አሰብ አድርጎ ደግሞ፣ «እኛ አልቀበልም ያለ ሰው ሲገጥመን በሩ ላይ ለጥፈን እንሄዳለን» አለኝ።

«እዚህ መለጠፍ የለም። መልእክቱ ካልደረሰ…» ብዬ ልቀጥል አልቻልኩም። እንባዬ ቀደመኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ወልውሎ፣ «ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ኖረ። እኔም አባቴን በባዮሎጂ አሳምኜ አተረፍኩት እያልኩ ለሰማኝ ሁሉ ጉራዬን ስነዛ ኖርኩ። ሙት ዓመቱ ሲወጣ እናቴ ሰማችኝና ሳቀች።

«ምን ገብቶት! ያን ዕለት ማታ፣ ‹ልጅቷ ስለ በር ያወራችውን አንዱንም አልያዝኩት፤ ግን አስለቀስኳት› ነው ያለኝ።»

ያኔ አፈርኩ። አሁን ሳስበው ግን፣ እንባዬን ዋጥ አድርጌ ማስረዳቴን ብቀጥል ኖሮ አባቴን በዚያው ክረምት እቀብረው ነበር።