ከዋርካው በታች ያለው የሴቶች ውሃ

ዛሂራ ስትቆጣ የሀደሮ ገበያ ያውቃል። ዝንጅብል ነጋዴ ናት፤ እርጥቡን ከደረቁ ቀላቅሎ ሊሸጥላት የመጣ ገበሬ ጆንያውን ሳያወርድ ነው የሚመለሰው። ነገር በሆዷ አያድርም። የልቧን ተናግራ ትጨርስና «በል አሁን ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ» ትለዋለች፤ ሰው የሚወዳትም ለዚህ ነው። ዘንድሮ የያዛት ቁጣ ግን እንደዚያ ተናግረው የሚገላገሉት አልሆነም።

ነገሩ የጀመረው በልጇ በሀናን ወገብ ነው። ሀናን የመጀመሪያ ልጇን በጭንቅ ወልዳ ከተነሳች ወዲህ ወገቧ አልታዘዝ አላት። ጎንበስ ብላ ሕፃኑን ማንሳት ያቅታታል፤ ሲያለቅስ አጠገቡ ተንበርክካ አብራው ታለቅሳለች። ሆሳዕና ከተማ ወስደው ለሐኪም አሳዩዋት። ሐኪሙ አጥንቷ ደህና መሆኑን ነግሮ፣ የተጎዳው ጡንቻዋ ስለሆነ በሙቅ ውሃ እየተዘፈዘፈች ወገቧን ቀስ በቀስ ታለማምደው አለ። ይህን ሲል ዛሂራ ፈገግ አለች። ሙቅ ውሃማ አላህ ከደጃቸው አፍልቶላቸዋል።

ፍል ውሃው ከሀደሮ በባጃጅ ተኪዶ የቀረውን በእግር ቁልቁል የሚወረድበት ነው። ዙሪያውን ትንሽ ከተማ ተቆርቁሮበታል። ድሮ አንድ ደጃዝማች ሪህ ሲያሰቃየው ያሠራው የድንጋይ መታጠቢያ ቤት ዛሬም አለ፤ የከተማዋ ሰው የሚኮራው በእሱ ነው። የሴቶቹን ውሃ ግን ደጃዝማቹም አላየው። ከትልቁ ዋርካ በታች፣ ከገደሉ ሥር፣ በቁጥቋጦ የተጋረደ ኩሬ ነው። አራሷ፣ ፅንስ የጨነገፈባት፣ ጉልበቷ ያበጠው፣ ሙስሊሟም ጴንጤዋም እዚያ ትወርዳለች። ወንድ ከዋርካው አያልፍም። ወንድ ልጅ እንኳ የወተት ጥርሱን ከነቀለ በኋላ እናቱ ይዛው አትወርድም። ወንዶች ስለ ውሃው አይጠይቁም፣ ሴቶችም አይነግሯቸውም። ቦታውን የሚያውቅ ወንድ ቢኖር እንኳ በሰው ፊት አውቃለሁ አይልም፤ ነውር ነው።

ዛሂራ ልጇን ደግፋ የሄደች ቀን ከተማዋ አዲስ በር አውጥታ ጠበቀቻቸው። «እንኳን ወደ ታሪካዊቷ የፍል ውሃ ከተማ በደህና መጣችሁ» ይላል ሰሌዳው። ከሥሩ የሚጎበኘው ተዘርዝሯል፤ የደጃዝማቹ መታጠቢያ፣ የእንፋሎቱ ዋሻ፣ እንቁላል የሚቀቀልበት ምንጭ፣ አዲሱ ሎጅ። ሎጁን ያሠራው ማቴዎስ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ ኖሮ ነው የተመለሰው። የዛሂራ ባል ኑሪ ደግሞ ግንበኛ ነው፤ ክረምት ከበጋ እዚያው ሎጅ ሲሠራ ከርሟል። እናም ዛሂራ በሩን ስታልፍ ትንሽ ኮራ ብላ ነበር።

ሀናን ቀሚሷን እንደለበሰች ውሃው ውስጥ ገባች። ቆይታ ቆይታ ጎንበስ አለች፤ ቀና አለች፤ ደግማ ጎንበስ አለች። «እማ፣ ታዘዘልኝ!» አለች እየሳቀች። ይህን ሳቅ ዛሂራ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! አልሐምዱሊላህ ብላ ሳትጨርስ ሌላ ሳቅ ሰማች። የወንድ ሳቅ ነው፤ የመጣውም ከላይ ነው።

እስካሁን ዓይኗ ከልጇ እግር አልተነሳም ነበር፤ አሁን ቀና ብላ አየች። ቁጥቋጦው የለም፤ ከሥሩ ተመንጥሯል። ገደሉ አናት ላይ ሰፊ በረንዳ ወጥቷል፤ ጃንጥላ ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ወንዶች ቢራቸውን ይዘው ቁልቁል ያያሉ። አንዱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ስልኩን ወደ ሀናን አነጣጥሯል። ሀናን ጮኸች። ቀሚሷ ከገላዋ ተጣብቋል፤ ለመሸሽ ስትፈናጠር ድንጋዩ አዳለጣትና በወገቧ ወደቀች።

ዛሂራ ልጇን ከውሃው አውጥታ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከዋርካው ጀርባ አስቀመጠቻት። ከዚያ በኋላ ያን ዳገት እንዴት እንደወጣችው ራሷም አታውቅም። እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነው በረንዳው ላይ የደረሰችው።

«ያነሳኸውን አምጣ!» አለችው ባለ ስልኩን።

«እናቴ፣ ምን ችግር አለው? ባህላችሁን እያስተዋወቅኩላችሁ ነው» አላት፤ ደግሞ ፈገግ ብሎ።

ፈገግታው ነው የጨረሳት። ስልኩን ከእጁ መንጭቃ ከበረንዳው አጠገብ ያለው እንቁላል የሚቀቀልበት ምንጭ ውስጥ ወረወረችው። ሰውዬው ሊያወጣው እጁን ሰድዶ በእንፋሎቱ ተለበለበና ጮኸ። «ቀቅለህ ብላው!» አለችው።

ማቴዎስ እየሮጠ መጣ። «እትዬ ዛሂራ፣ እባክዎ ይረጋጉ፤ እንግዶች ናቸው።»

«እንግዳ የሰው ልጅ ገላ ነው እንዴ የሚጋበዘው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ከሥርህ ያለው የሴቶች ውሃ መሆኑን አታውቅም?»

«በእግዚአብሔር ስም አላውቅም ነበር» አለ ማቴዎስ። «ሽማግሌዎቹን በስብሰባ ጠይቄያለሁ። ከገደሉ በታች ምን አለ ስላቸው ቁጥቋጦ ነው አሉኝ።»

«ሴት ጠይቀሃል?»

ማቴዎስ ወደ እንግዶቹ ዞር አለ።

«እናትህ አንተን ወልዳ የታጠበችው እዚህ ነው፤ ውሃውን ያፈሰስኩላት እኔ ነኝ።»

«እማዬ? ነግራኝ አታውቅም።»

«ምን ብላ ትንገርህ!»

ማቴዎስ አቀረቀረ። ያዘነ ይመስል ነበር፤ ሲናገር ግን ያው ነጋዴ ነው። በረንዳውን ማፍረስ እንደማይቻል፣ እንግዳ የሚመጣው ለዚያ እይታ እንደሆነ፣ ለሴቶቹ ግን «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ እንደሚለጥፍላቸው ነገራት። ዛሂራ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ልጇ ወረደች። ዓይን በማስታወቂያ ይከደናል?

ቤት ሲደርሱ ኑሪ ግቢው ውስጥ ነበር። ሀናን በሁለት ሰው ተደግፋ ስትገባ አይቶ ደነገጠ። ዛሂራ የሆነውን ከነገረችው በኋላ «ያን በረንዳ ማን ነው የገነባው?» አለችው።

ኑሪ አልዋሸም። «እኔ ነኝ። ግን ያን ጊዜ ሥሩ ቁጥቋጦ ነበር፤ ወላሂ ሌላ አላየሁም። የመነጠሩት እኛ ከወጣን በኋላ ነው። ከዋርካው በታች ስትሉ እኔ ወንዙ መታጠፊያ ጋ ይመስለኝ ነበር።»

«ስንት ዓመት ከዚያ ውሃ ስመለስ አይተኸኛል! አንድ ቀን የት ጋ ነው ብለህ አትጠይቀኝም?»

«እንዴት ብዬ ነው የምጠይቅሽ? ወንድ ይህን ይጠይቃል?»

እውነቱን ነው። ቢጠይቃት ኖሮ ነውረኛ ብላ የምታባርረው እሷ ራሷ ነበረች። ይህን ማወቋ ቁጣዋን አላበረደውም፤ እንዲያውም ባሰባት። በማን ላይ ትጩህ? በረንዳው እንደሆነ ቆሟል፤ የተሠራውም ቤቷን ባቆመው እጅ ነው።

«አባ፣ አንተ ነህ የሠራኸው?» አለች ሀናን ከመኝታዋ። ኑሪ ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ዛሂራ ልጇን ለመነቻት። ጎረቤቶቿ ነጠላ ይዘው ዙሪያዋን እንደሚከልሏት ነገረቻት። ሀናን እንቢ አለች። «ስልኩ ተቀቅሏል፤ ሰውዬው ግን ዓይኑ አለ። አልመለስም፣ እማ።» ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ ከውሃው ቀሩ።

ኑሪ ግን በየማለዳው በባጃጅ እየሄደ፣ ከምንጩ የሚወርደውን ውሃ በጀሪካን ቀድቶ ያመጣ ጀመር። ሲቀዳው እጅ ያቃጥላል፤ ሀደሮ ሲደርስ ቀዝቅዟል። ዛሂራ አታናግረውም። ጀሪካኑን ከእጁ ተቀብላ ውሃውን ለሀናን መታጠቢያ ትልቁ ድስት ውስጥ ትገለብጥና እንጨት ትማግዳለች።

አንድ ጠዋት ጎረቤቷ አበራሽ በአጥሩ ብቅ ብላ «ዛሂራ፣ በጠዋቱ ምንድነው የጣድሽው?» አለቻት።

«ፍል ውሃ እያሞቅኩ ነው» አለች ዛሂራ።

አበራሽ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ዛሂራ አልሳቀችም፤ ጎንበስ ብላ እንጨት ጨመረች።