ለብሼ የምሸጠው ካፖርት

ደብረ ብርሃን ሥራ የጀመርኩት በጥቅምት ውርጭ ነው። ጋሽ ደስታ የሚባሉ አንጋፋ ቆዳ ፋቂ ከከተማው ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት የበግ ቆዳ ካፖርት ይሰፉ ነበር። አባቴም አንኮበር አጠገብ የዚሁ ሙያ ሰው ስለነበር፣ ወስፌና ጅማት አሳምሬ አውቃለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። እሳቸው ግን ወስፌ አልሰጡኝም። ተሰፍቶ ያለቀ ካፖርት አለበሱኝና፣ ወጥተሽ መንገዱ ዳር ቁሚ፣ ብርድ ሲገባብሽ መጥተሽ በየት እንደገባ ንገሪኝ አሉኝ።

ቆምኩ። ወደ ደሴ የሚያልፉ የጭነት መኪና ረዳቶች ከላይ ሆነው ሳቁብኝ። ካፖርቱ ለወንድ የተሰፋ ስለነበር እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ይንጠለጠላል። ሥራ ብዬ መጥቼ የሰው መሳቂያ ሆንኩ ብዬ በጣም ተናደድኩ። ኋላ ግን በግራ ብብቴ ሥር ቀጭን ብርድ ሲገባ ተሰማኝና ተመለስኩ።

ጋሽ ደስታ ስፌቱን ፈቱት። በጉ ሲገፈፍ ቢላ የነካው ትንሽ ሽንቁር ከስፌቱ ሥር ተሸሽጎ ተገኘ። ከውስጥ ጠግነው፣ መልሰው ሰፉትና እንደገና አልብሰው ሰደዱኝ። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ይኸው ነበር።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ከሰፊዎቹ አንዱ ለብሶት ውርጭ ላይ ያልቆመበት ካፖርት ከደጅ አይወጣም።

ቆዳ መምረጥ ያስተማሩኝ ቀስ በቀስ ነው። ፀጉሩን በትንፋሽሽ ከፍለሽ ሥሩን እዪ፤ ጥሩ ከሆነ ሥሩ ንጹሕ ነው፣ ፎረፎርም የለበትም። ከሽንጡ ጥቂት ፀጉር ይዘሽ ሳብ አድርጊ፤ ሳይታገል ከመጣልሽ ቆዳው ጨው ሳይነካው ውሎ አድሯል ማለት ነውና ተዪው። በሥጋው በኩል እጠፊው፤ ከተንኳኳ ፀሐይ ላይ ደርቋል፣ ነገ ይሰነጠቃል። በቅርብ የተሸለተ በግ ቆዳ አያሞቅም፤ ፀጉሩ በጣም የረዘመውም ይቋጠራል። የጀርባው ቆዳ ለካፖርቱ ጀርባ ነው። የሆዱ ስስ ስለሆነ ለክርን አይሆንም፤ ከሆዱ ቆዳ ክርን የሚሠራ ሰው ሌባ ነው ይሉ ነበር።

ከዚያ በተወቀጠ ተልባ ማሸት፣ መፋቅ፣ እንደገና ማሸት። ሽታው ከእጅ አይለቅም። እኔን ግን ሽታው አላስቸገረኝም፣ ያስቸገረኝ ሰው ነው። በአገራችን ቆዳ ፋቂ ቡዳ ነው የሚል ሰው ሞልቶ ነበር። እጃችን የሠራውን ይለብሳሉ፤ እኛን ግን ሲያዩ ልጃቸውን ይሸሽጋሉ። ካፖርቱን ለብሰን እንደምንፈትነው ገዢ ስለማያውቅ ነገሩ ተሸፋፍኖ ይኖር ነበር።

አብዮቱ መጣና እንዲህ ብሎ መሳደብ ተከለከለ። በማኅበር ተደራጁ ተባልን፤ ጓድ ተሾመ የሚባል ሊቀመንበር ተሾመብን። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰፋ ያለ ቤት አስፈቀደልን፣ ቆዳም በወቅቱ ያስመጣልን ነበር። ለእናንተ ስድብ ቀርቷል ብሎ ሲናገር እኔም ከልቤ አጨብጭቤያለሁ።

ማኅበሩ ካገኘው ሥራ ትልቁ በጣርማ በር በኩል ለሚመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌሮች ካፖርት መስፋት ነበር። ሹፌሮቹ ካሣ የሚባለውን ባልደረባቸውን ወክለው ሥራውን እንዲያይ ላኩት። ካሣ ጠዋት ሲደርስ እኔ ግቢው ውስጥ አንዱን ካፖርት ለብሼ ውርጩ ላይ ቆሜያለሁ። የማን ነው ብሎ ጠየቀ። የእናንተ ነው፣ እየፈተንኩት ነው አልኩት። ሊዳስሰው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ጓድ ተሾመን ወደ ጥግ ወስዶ አነጋገረው።

በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ። ካፖርት ለብሶ መፈተን ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፣ ምክንያቱም ንጽሕና ነው ተባለ። እጄን አነሣሁ። ልብስ ሰፊ የሰፋውን ሱሪ በእጁ ሲያገላብጥ ንጽሕና ተብሎ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጓድ ተሾመ ነገሩን አታወሳስቢ አለኝ።

"እኔ አላወሳሰብኩም" አልኩት። "ሰውየው ያለህን ቃል እዚህ ፊታችን ተናገረው። እኛ እንደሆን ለምደነዋል።"

አልተናገረውም። ቃሉ በሕግ ተከልክሏል፤ በቃሉ ለሚያምኑት ግን አለቆች አሁንም ይታዘዙላቸዋል። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። ስድቡን በአፋቸው ቢሉት ኖሮ ቢያንስ መልስ እሰጥ ነበር።

ጋሽ ደስታን ዞሬ አየኋቸው። ያንን ሕግ ያወጡት እሳቸው ናቸውና ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ከስብሰባው ስንወጣ፣ የሺ ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ከዚህ ቤት ወዴት እሄዳለሁ አሉኝ። ያን ቀን አዘንኩባቸው፤ ዛሬ ግን አላዝንባቸውም።

በነጋታው ጠዋት ካፖርት ለብሼ ወጣሁና ግቢው መሐል ሳይሆን በሩ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሚያየኝ ቦታ ቆምኩ። ጓድ ተሾመ አውልቂ አለኝ። ብርድ አለመግባቱን ሳላውቅ አላወልቅም አልኩት። ሳምንቱ ሳያልቅ ከማኅበሩ ተሰናበትኩ። የሹፌሮቹ ካፖርቶች አንድም ሰው ሳይለብሳቸው ተጭነው ሄዱ።

ወስፌዬን ይዤ ወደ አንኮበር ተመለስኩ። የገበያ ቀን የሰፋሁትን ካፖርት ራሴ ለብሼ ጎረቤላ ገበያ መሐል እቆማለሁ። ዋጋ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ አስቀድሜ፣ እኔ የቆዳ ፋቂ ልጅ ነኝ፣ ይህን ከጠዋት ጀምሮ ለብሼዋለሁ፣ ደስ ካላለህ እለፍ እለዋለሁ። ብዙዎቹ አለፉ። እናቴ እንኳ፣ መቼም አንቺ ካልተጣላሽ እንጀራ አይወርድልሽም አለችኝ። ያ ክረምት ክፉ ነበር፤ እጄን ለልመና ልዘረጋ እስኪዳዳኝ ድረስ ተርበናል። ግን ካፖርት ደብቄ አልሸጥኩም።

መጀመሪያ የገዛኝ ከአልዩ አምባ ሸቀጥ ይዞ የሚወጣ ሰይድ የሚባል ነጋዴ ነው። ቆላ የለመደ ሰው ስለሆነ የእኛ ብርድ ያንገላታዋል። የምለውን ሁሉ ጨርሼ እስክናገር ጠበቀኝና፣ "ወላሂ፣ አንቺ ሳትንቀጠቀጪ ካየሁሽ ሌላ ምስክር አልፈልግም፣ አውልቂውና ስጪኝ" አለኝ። እዚያው ለበሰው። እሱን ያዩ ሌሎች ነጋዴዎች ተከተሉት።

ዓመታት አለፉ። አንድ የበጋ ጠዋት ወደ አንኮበር እህል ያመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ደጄ ቆመ። ካሣ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። የለበሰው የዚያን ጊዜውን ካፖርት ነው፤ አቋቋሙ ግን የቆዳ አይመስልም፣ የጣውላ ነው የሚመስለው። እንዳወቅኩት አውቋል።

ዝናብ ሲመታው የት ነው የምታደርቀው አልኩት። የሞተሩ ክዳን ላይ አለኝ። በዚህ ጊዜ ንዴቴ ለቆዳው ሆነና እንደ ልጅ ተቆጣሁት። የራሰ ቆዳ እሳትም ሞተርም አይወድም፤ ተራግፎ ወፍራም እንጨት ላይ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ይሰቀላል። ፈጽሞ ሳይደርቅ በእጅ ታሽቶ ይለሰልሳል። ፀጉሩ ሲያድፍ በውኃ አይታጠብም፤ ደረቅ ፉርሽካ ነስንሰው ያሹታል፣ ከዚያ ያራግፉታል። ክረምት ሲያልፍ በላስቲክ አይጠቀለልም፤ ኪሱ ውስጥ አሪቲ ተደርጎ በጨርቅ ይቀመጣል፣ ብል አይደርስበትም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

ድርቀቱን ተልባ ያስተካክለዋል አልኩት። እሱ ግን የመጣው ለዚያ አልነበረም። ከተረከበው ቀን ጀምሮ ብርድ ይገባበታል፤ በየት እንደሚገባ ግን ደብረ ብርሃንም ደብረ ሲናም ያሳያቸው ሰፊዎች ሊያገኙት አልቻሉም።

"በዓይን አይገኝም" አልኩት። "እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። እሱንም አንተ ታውቀዋለህ።"

የካፖርቱን ጫፍ ጨበጠ። እኔም አልረዳሁትም። በመጨረሻ ቁልፎቹን ፈትቶ አወለቀና፣ "ልበሺው" ብሎ ሰጠኝ።

ገና የሰውነቱ ሙቀት ነበረበት። ለበስኩትና ወደ ገደሉ አፋፍ፣ ነፋሱ ወደሚመታበት ሄጄ ቆምኩ። እሱ በሸሚዙ እየተንቀጠቀጠ አጠገቤ ቆመ። ብርዱ በቀኝ ትከሻዬ፣ ከኮሌታው ሥር ገባ። ቤት ገብተን ፈታሁት፤ እዚያው ነበር፣ ከቢላ ጭረት የተረፈ ስንጥቅ። ጠግኜ እንደገና ለበስኩት፣ እንደገና አፋፉ ላይ ቆምኩ። አሁን አልገባም።

አውልቄ ሰጠሁት። ሳያራግፈው፣ ሳያገላብጠው፣ የእኔ ሙቀት እንዳለበት ለበሰው። እስከ አንገቱ ቆልፎ መኪናው ላይ ወጣ። ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም በለኝ አላልኩትም።

እናንተ ወስፌ የያዛችሁ ልጆች፣ ካፖርት ሰው ለብሶት ውርጭ ላይ ካልቆመ አይታወቅም። ስለዚህ የሰፋው ሰው ይልበሰው፣ ገዢውም እያየ ይልበሰው።