ሰንበቴ የሄደው አገልግል

የቀረችኝ አንቲቦዲ አንዲት ጠብታ ነበረች። አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም የተለጠፈባት፣ ሥጋ ውስጥ ማክሮፌጅን ብቻ ለይታ የምትይዝ ናት፤ ማክሮፌጅ ማለት ጀርምና የሞተ ሕዋስ የሚውጥ የሰውነታችን ሕዋስ ነው። ጠብታዋ ከተበላሸች መመረቂያ ጽሑፌም አብሯት ይቀራል፤ ሌላ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል።

ከአንድ በሽተኛ ንፍፊት በስሱ የተቆረጠውን ሥጋ ቀጭን መስታወት ላይ አድርጌ ጠብታዋን ጣል አደረግኩበትና በስስ ላስቲክ ሸፈንኩት። አንድ ሰዓት እርጥበትና ጨለማ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ብርሃን ካገኘው ቀለሙ ይደበዝዛል። የላቦራቶሪው ሳጥን ክዳን ደግሞ ተሰብሯል። እትዬ የምላቸው የጽዳት ሠራተኛችን አዘኑልኝና ቆዳ የተለበጠ አገልግላቸውን አዋሱኝ። እርጥብ ጥጥ አነጠፍኩበት። በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ ውስጡ ግን ድፍን ጨለማ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ትዝም አላለኝ።

ቀኑ እሑድ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ከፈትኩት፤ ዳቦ ነው። እትዬ መንታ አገልግል እንዳላቸው አልነገሩኝም፤ የእኔን አንጠልጥለው የካ ሚካኤል፣ ሰንበቴ ሄደዋል። ራሴን ረገምኩ፣ እሳቸውንም ጨመርኩ፣ ዳቦውን ከነአገልግሉ አቅፌ ከሲግናል ሽቅብ ሮጥኩ።

ስደርስ ቄሱ ማሰሪያውን መፍታት ጀምረዋል።

«አባ፣ እባክዎ አይክፈቱት» አልኩ።

«ምን አለበት፣ ልጄ?»

ብልጥ ሰው አንድ ነገር ይፈጥራል። እኔ «የሰው ሥጋ» አልኩ።

እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንድ ሽማግሌ ባዶ ዋንጫቸውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ። ስለ በሽተኛው፣ ስለ ማክሮፌጁ፣ ስለ ብርሃኑ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ ጋቢያቸውን አውልቀው አገልግሉ ላይ ደረቡት። ይዤ ልሮጥ ስል ግን ጸሎት ተጀመረ፤ ጸሎት አቋርጦ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። ለበሽተኛው ምሕረት፣ ለእኔ ልቦና ተለመነ። ከዚያ ለአገሩ ሁሉ። እግሬ ደንዝዞ፣ ዓይኔ ጋቢው ላይ ተተክሎ፣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ተመልሼ ማይክሮስኮፑን ሳበራ ማክሮፌጆቹ አንድም ሳይጎድሉ አረንጓዴ ለብሰው ጠበቁኝ። ብቻዬን እልል አልኩ።

ጽሑፌን ባቀረብኩበት ቀን ፈታኙ አንድ ገጽ ላይ ቆም አሉ። መመሪያው አንድ ሰዓት እያለ አንቺ ለምን ሦስት ሰዓት አቆየሽው ብለው ጠየቁኝ። 

«ጸሎቱ ረዝሞ ነው» አልኩ።

ፈታኙ ብዕራቸውን አነሱ።

«የትኛው ደብር?»