ሁለት ጊዜ ይሰማል

የያዙኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዳማ ውስጥ እንግሊዝኛ በማስተምርባት የኪራይ ክፍል ነው። ተማሪዎቼ ገና መውጣታቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የማዳመጥ ልምምድ ስለምናደርግ፣ የባጃጅ ጩኸት እንዳይረብሸን በሩን እንዘጋለን። ጊዜው ክፉ ነበርና አንድ ሰው "በር ዘግተው ተሰብስበው የሆነ ነገር ያዳምጣሉ" ብሎ ጠቁሟል። እኔንም ስልኬንም ወሰዱን።

የገባሁባት የእስር ክፍል መስኮቷ በቆርቆሮ ተመትቷል። ሙቀቱና የላብ ሽታው ደረት ላይ ይቀመጣል። አዲስ ገቢ በሩ ስር ይተኛል፤ ደንብ ነው። ከጎኔ የነበሩት የመቂ የሽንኩርት ደላላ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

"አካም ቲቸር፣ በምን ገባህ?" አሉኝ በኦሮምኛ ሰላም ብለው፤ ዘበኛው "ቲቸር" ሲለኝ ሰምተዋል።

"እንግሊዝኛ በማዳመጥ፣ ጋሼ።"

"እሱም ያስገባል እንዴ?" ብለው ሳቁ። እኔ ግን ማልቀስ ነበር ያማረኝ።

መርማሪው ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ስልኬ ላይ ያለውን የልምምዱን የድምፅ ቅጂ ከፈተው። አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ ቦርሳ ጠፍቶባት ለሠራተኛው ታስረዳለች፤ መልኩን፣ የት እንዳስቀመጠችው፣ በስንት ሰዓት እንደነበር።

"ቦርሳው ምንድን ነው?"

"ቦርሳ ነው።"

"ውስጡስ?"

"ጃንጥላና መነጽር።"

"ጥሩ። ጃንጥላው ምንድን ነው?"

እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ለራሴም ውሸት እየመሰለኝ መጣ። መውጫ አጣሁ። እሱ ግን መውጫ ነበረው፦ "የሚስጥር መልእክት ነው ብለህ ጻፍ። አብረውህ የሚያዳምጡትን ስማቸውን ጥራ። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ቤቴ መግባት በጣም ፈልጌ ነበር። ይህን አልደብቅም።

ከምርመራ በተመለስኩ ቁጥር፣ የቦርሳውን ነገር ያጫወትኳቸው ሽማግሌ "ቦርሳዋ ተገኘ?" ይሉኛል። መጀመሪያ ተናደድኩባቸው። በኋላ መጨረሻውን አስቀርቼ ታሪኩን ለክፍሉ ሰው ሁሉ ነገርኩ፤ እሳቸውም "ማይ ባግ ኢዝ ብላክ" ማለትን ተማሩ። አንድ ቀን ግን ሳይቀልዱ ጠየቁኝ።

"የልጆቹን ስም ሰጠሃቸው?"

"አልሰጠሁም።"

"እንግዲያ ጀባዹ። በርታ ልጄ።"

በማግስቱ መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ።

"ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስተምራቸው አንድ ነገር ነው" አልኩት። "ያልሰማችሁትን አትጻፉ እላቸዋለሁ። እኔም አልጽፍም። ልምምዱ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰማው፤ ካልገባህ ድገመውና አብረን እንስማው።"

እስክሪብቶውን ከድኜ ፊቱ አስቀመጥኩት። እሱም ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ ክፍሌ እንዲመልሱኝ አዘዘ። ብዙ ቆይቼ፣ አንድ ጠዋት ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቁኝ። ስልኬ ግን እዚያው ቀረ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምራለሁ። ያንኑ ቅጂ ከሌላ ሰው ስልክ አግኝቼዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ቦርሳዋ ይገኛል። ለሽማግሌው መቂ ድረስ ደውዬ ነግሬያቸው "ተመስገን" ብለዋል። በሩን ግን መዝጋት አልቻልኩም። የባጃጁ ጥሩምባ እየገባ ግማሹን ቃል ይውጠዋል።

"ቲቸር፣ በሩን ልዝጋው?" ትለኛለች አንዷ ተማሪ። "ምንም አይሰማም እኮ።"

"ተዪው" እላታለሁ። "ሁለት ጊዜ ይሰማል።"